ትንሽ አገር በዓለም ሸንጎ

ስለ ውጭ ጉዳይ ፖለቲካ በተነሣ ቁጥር በግቢያችን ሁለት ዓይነት ተከራካሪ ይገጥመናል። አንደኛው፣ ዓለምን የሚያሽከረክሩት አምስት ስድስት ኀያላን መንግሥታት ናቸው፤ የቀረው ሁሉ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ተመልካች ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቆመው ለትንንሾቹ ነው፤ በጠቅላላው ጉባኤ አሜሪካም ሉክሰምበርግም አንድ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው ብሎ ይሞግታል። ክርክሩ ሻይ ሳይቀርብ ይጀመራል፤ ሻዩ አልቆም ሁለቱም ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። እኛ ብዕር ያነሣነው ከሁለቱ ወገን አንዱ እንኳ አንድ የታወቀ አገር ጠርቶ፣ ይኸው የሠራው፣ ይኸው ያልቻለው፣ ይኸውም የከፈለው ዋጋ ብሎ ሲመረምር ስላልሰማን ነው። ስለዚህ አንድ አገር መርጠናል፤ እርሷም አየርላንድ ናት። ዘመኑን ሁሉ፣ ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እናደርገዋለን።

አየርላንድን የመረጥነው እንዲያው በዕጣ አይደለም። የሕዝቧ ቁጥር ከ5 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ፣ ከአንዲቱ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ብዙም የማይርቅ አገር ናት። ለብዙ መቶ ዓመታት በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ኖራለች፤ በ1840ዎቹ በደረሰባት ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቆባታል፤ ሌላውም አንድ ሚሊዮን ያህል በመርከብ ተሰድዶባታል። በ1922 የራሷን መንግሥት ካቆመች ወዲህ የማንንም አገር አልያዘችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ሆና ኖረች፤ በሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን ውስጥም አልገባችም። እንግዲህ መልኳ የአውሮፓ ሲሆን ታሪኳ ከገዢዎቹ ይልቅ ለተገዢዎቹ የሚቀርብ አገር ናት ማለት ነው። ይህ ሁለት መልክ ኋላ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ እንደ ጠቀማት እናያለን።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከዚህ የቀደመ ምክንያት አለን። በ1935 የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ውስጥ በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ይጣል ብለው ከቆሙት መካከል የአየርላንዱ መሪ ኤመን ደ ቫሌራ አንዱ ነበሩ። ነገሩ ለእርሳቸው ቀላል አልነበረም። ሕዝባቸው ካቶሊክ ነው፤ በአገራቸውም ውስጥ፣ ከሮማ ጋር ምን አጣላን፣ ከእንግሊዝስ ጋር በአንድ ወገን ምን አሰለፈን የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ደ ቫሌራ ግን የማኅበሩ ቃል ኪዳን ለኢትዮጵያ ካልሠራ ለማናቸውም ትንሽ አገር ሊሠራ አይችልም በሚለው ሐሳብ ጸኑ። የሆነው ሁሉ እንደምናውቀው ነው። ማዕቀቡ ነዳጅ ዘይትን ሳይነካ ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ሰነበተ።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ከተናገሩ ከሁለት ቀን በኋላ ደ ቫሌራ በዚያው ሸንጎ ቆመው፣ ማኅበሩ ተበዳዩን ለዕድሉ እንደተወው በግልጽ አመኑ። አያይዘውም፣ የታላላቆቹ መንግሥታት መሪዎች ግዴታቸውን ካልፈጸሙ ትንንሾቹ ሊያደርጉ የሚችሉት የማንም ኀያል መሣሪያ ላለመሆን መቁረጥ ብቻ ነው አሉ። ንግግሩ የሚያኮራ ነው። ዳሩ ግን በዚያው ወር ማዕቀቡ ሲነሣ አየርላንድም ከሌሎቹ ጋር አብራ አነሣች። ይህን ሸፍነን ብናልፍ ለጽሑፋችን ባማረለት ነበር፤ ነገር ግን ፍሬ ነገሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ለአንድ ለተወረረ ሕዝብ ከሩቅ ያለ ትንሽ ወዳጅ የሚሰጠው ድምፅና ኀዘኔታ ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ በመዝገብ ይጻፋል፤ አገሩም ይያዛል።

የሰላም ማስከበር ሥራ የተወለደው ይህን ክፍተት በከፊል ለመሙላት ነው። በከፊል ያልነው አስበን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ውስጥ «ሰላም ማስከበር» የሚል ቃል ፈልጎ የሚያገኝ ተማሪ ቢኖር ምሳ እንጋብዘዋለን፤ የለምና። ቻርተሩ ያሰበው የጸጥታው ምክር ቤት ኀያላን ባንድነት ሠራዊት አዋጥተው ወራሪን እንዲቀጡ ነበር። ኀያላኑ ግን ወዲያው ስለተጣሉ ያ ሳይሆን ቀረ። በ1956 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስራኤል ግብፅን በወጉ ጊዜ፣ የካናዳው ሌስተር ፒርሰንና ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ በጥድፊያ አንድ አዲስ ነገር ፈጠሩ፤ ይኸውም ለመዋጋት ሳይሆን በተዋጊዎች መካከል ለመቆም የሚላክ ጦር ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ጦሩ የሚገባው ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ ነው፣ ለማንም አያደላም፣ ራሱን ለመከላከል ካልሆነ በቀር አይተኩስም። እንዲህ ላለው ሥራ የኀያላን ወታደር አይሆንም፤ ማን ያምነዋል? ስለዚህ ትንሽነት፣ እስከዚያ ድረስ እንደ ጉድለት የሚቈጠረው ነገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ችሎታ ሆነ።

አየርላንድ የድርጅቱ አባል የሆነችው ዘግይታ በ1955 ነው። በ1946 ባመለከተች ጊዜ ሶቪየት ኅብረት በቬቶ ከልክላት ነበር። ከገባች ከሦስት ዓመት በኋላ በ1958 ሃምሳ ያህል መኰንኖች ወደ ሊባኖስ ለታዛቢነት ላከች። ያን ጊዜ ጠመንጃ ያልያዘ መኰንን በመነጽር ድንበር ሲያይ መዋሉ ለብዙ ሰው ቀልድ መስሎ ሳይታይ አልቀረም። ቀልዱ በኮንጎ አበቃ።

ስለ ኮንጎ ጥቂት እንድንቈይ አንባብያን ይፍቀዱልን፤ ነገሩ የእኛም ነውና። በ1960 ቤልጅግ ኮንጎን በለቀቀች በጥቂት ቀኖች ውስጥ አገሩ ሲናወጥ፣ ማዕድን የሞላበትም የካታንጋ ክፍለ ሀገር ተገንጥያለሁ ሲል፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር እንዲላክ ተወሰነ። አየርላንድም አንድ ሻለቃ ጦር በአሜሪካ አውሮፕላኖች ጭና ላከች። ወታደሮቹ ከምድር ወገብ አጠገብ የወረዱት ለደብሊን ክረምት የተሰፋ ወፍራም የሱፍ ልብስ ለብሰው ነው፤ ጠመንጃቸውም የዱሮ ነበር። ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም፤ ቀጥሎ ያለው ግን ፈገግታችንን ያጠፋዋል። በኖቬምበር 8 ቀን 1960 ኒዬምባ በተባለ ስፍራ 11 ሰዎች ያሉበት የአየርላንድ ቃኚ ጓድ መንገድ ሲጠርግ የባሉባ ተዋጊዎች አደጋ ጣሉበት። ዘጠኙ ሞቱ። የደብሊን ሕዝብ ሬሳቸውን ለመቀበል አደባባዩን ሞልቶ ወጣ። እነዚያ ባሉባዎች ከካታንጋ ገንጣዮች ጋር የሚዋጉ ነበሩ፤ የመጡትን ነጮች የሞይዝ ቾምቤ ቅጥረኞች አድርገው ሳያዩአቸው አልቀሩም ተብሎ ይገመታል። «እኛ ቅኝ ገዢ ሆነን አናውቅም» የሚለው የአየርላንድ ታሪክ በፊት ቆዳ ላይ ተጽፎ አይታይም፤ ቀስት የጨበጠ ሰውም መታወቂያ ወረቀት አይጠይቅም።

ከዚህ የበለጠ የሚያከራክረው በሴፕቴምበር 1961 በጃዶትቪል የሆነው ነው። ከ150 የሚበልጡ የአየርላንድ ወታደሮች፣ በሻለቃ ፓት ክዊንላን የሚታዘዙ አንድ ሻምበል ጦር፣ በዚያች የማዕድን ከተማ ያሉትን ነጮች ጠብቁ ተብለው ተላኩ። ከተማው ግን አልፈለጋቸውም። የተባበሩት መንግሥታት ጦር በኤሊዛቤትቪል በገንጣዮቹ ላይ ዘመቻ ሲከፍት፣ በባዕድ ቅጥረኞች የሚመራው የካታንጋ ጦር ይህን ብቻውን የቀረ ሻምበል ከበበው። ክዊንላን አስቀድሞ ምሽግ አስቈፍሮ ነበርና ጥቃቱን ለብዙ ቀን መለሱ። አንድ የካታንጋ ጄት አውሮፕላን ከላይ ይተኩስባቸዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ግን በዚያ ጊዜ አንድም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረውም። ሊረዳቸው የተነሣው ጦር የሉፊራን ድልድይ ማለፍ አቃተው። ጥይቱም ውሃውም ሲያልቅ እጃቸውን ሰጡ። ከመካከላቸው የቈሰለ ነበር እንጂ አንድ ሰው አልሞተባቸውም። በዚያው ሰሞን ሐመርሾልድ የተኩስ ማቆም ስምምነት ለመፈለግ ሲበርሩ አውሮፕላናቸው ንዶላ አጠገብ ወድቆ ሞቱ።

እነዚያ ወታደሮች ከእስር ወጥተው አገራቸው ሲገቡ ምን ገጠማቸው? ዝምታ። እጅ መስጠታቸው ለሠራዊቱ እንደ ነውር ተቈጠረ፤ ብዙዎቹ ስለ ጃዶትቪል ላለመናገር ሲሉ ዕድሜያቸውን አሳለፉ። የአየርላንድ መንግሥት ለሻምበሉ በሙሉ በይፋ ክብር የሰጠው በ2016 ነው፤ ይኸውም ከ55 ዓመት በኋላ፣ አዛዡ ክዊንላንም ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ። በኒዬምባ የሞቱት ወዲያው ጀግኖች ተባሉ፤ በጃዶትቪል ተዋግተው በሕይወት የተመለሱት ግን አሳፈሩ። አንድ አገር ለሰላም ብሎ ልጁን ሲልክ የሚመለስለት ወይ ድል ወይ ሰማዕት እንዲሆን ይመኛል፤ በመካከሉ ያለውን፣ ያለ በቂ መሣሪያ ወደ ማይሆን ስፍራ ተልኮ የሰው ነፍስ ያተረፈውን ሰው፣ ምን እንደሚለው ግራ ይገባዋል። ይህ የአየርላንድ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል።

ኮንጎ የእኛም ናት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ጦርም ከመጀመሪያው እዚያ ነበረ። ከጃዶትቪል በኋላ ለተባበሩት መንግሥታት ተዋጊ ጄቶች የላኩት ስዊድን፣ ሕንድና ኢትዮጵያ ናቸው። የኮንጎውን ዓለም አቀፍ ጦር ከ1961 መጀመሪያ እስከ 1962 የመሩት የአየርላንዱ ጄኔራል ሾን ማኪዮን ሲሆኑ፣ ሥልጣኑን ከእርሳቸው የተረከቡት የእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። ከደብሊን ለመጣ ጄኔራል ከአዲስ አበባ የመጣ ጄኔራል ተተካለት፤ ከደ ቫሌራና ከጄኔቫው ንግግር ሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ መተካካት በትምህርት ቤት ታሪክ ስንማር አንድ መስመር እንኳ አለመስማታችን ያስገርመናል።

በኮንጎ ዘመን አየርላንድ በኒው ዮርክም ሥራ አልፈታችም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ፍራንክ ኤከን በ1957 የቻይና ውክልና ጉዳይ በጉባኤው ይነገር ብለው ድምፅ በሰጡ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ተቈጣ፤ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳትም ከእርሱ ባልተናነሰ ተቈጡ። ኤከን ከዚያ ሌላ ነገር ያዙ፤ የኑክሌር መሣሪያ ከያዙት አልፎ ወደ ሌሎች እንዳይዛመት የሚከለክል ውል ይደረግ አሉ። በ1958 ሐሳቡን አቀረቡ፤ በ1961 ጠቅላላው ጉባኤ ያለ ተቃውሞ ተቀበለው፤ በ1968 ውሉ ለፊርማ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ፊርማ ያኖሩት እርሳቸው ሆኑ። አንድ ቦምብ የሌላት አገር የቦምብን ነገር በዓለም ሕግ ውስጥ አስገባች። ውሉ ኀያላኑን መሣሪያ አስጥሏል ወይ ቢሉን፣ አላስጣለም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ያለዚህ ውል ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ አያዳግትም።

ከሁሉ የረዘመው ግን የሊባኖስ ሥራቸው ነው። ከ1978 ጀምሮ፣ ከ2001 በኋላ ካሉት አንዳንድ ዓመታት በቀር፣ የአየርላንድ ወታደር በደቡብ ሊባኖስ ቆሟል። ቲብኒን በምትባለው ከተማና በአካባቢዋ አባት ያገለገለበት ኬላ ላይ ልጅ ተረኛ የሆነበት ጊዜ አለ። በዚህ አንድ ግዳጅ ብቻ ከ40 የሚበልጡ አየርላንዳውያን ሞተዋል፤ የቅርቡ በዲሴምበር 2022 በመኪና ሲሄድ በጥይት የተመታው ወታደር ነው። በኦክቶበር 2024 የእስራኤል ጦር ወደ ሊባኖስ ሲገባ ሠላሳ ያህል አየርላንዳውያን ያሉበት ኬላ አጠገብ ታንኮች መጥተው ቆሙ፤ ኬላውን ልቀቁ ቢባሉም አልለቀቁም። ጥይት አልተኰሱም፤ ታንክም አላባረሩም። መቆማቸው ምን አተረፈ የሚል ይኖራል። የሚያይ ዓይን በስፍራው መኖሩ አንድ ነገር ነው እንላለን፤ ጦርነቱን ግን አላስቀረም፤ በ2006ም አላስቀረም ነበር። በኦገስት 2025 የጸጥታው ምክር ቤት ይህ ጦር ሥራውን በ2026 መጨረሻ እንዲያቆምና በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲወጣ ወስኗል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ክርክራችን ደረስን። አየርላንዳውያን «ባለ ሦስት ቍልፍ» የሚሉት አንድ ደንብ አላቸው። ከ12 የሚበልጥ ወታደር ወደ ውጭ አገር ለግዳጅ ለመላክ ሦስት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመንግሥቱ፣ የሕዝብ ምክር ቤቱና የተባበሩት መንግሥታት። ይህን በስም ጠርተው ለሕዝቡ ቃል የገቡለት፣ በ2001 ሕዝቡ የአውሮፓ ኅብረትን የኒስ ውል በድምፁ ከጣለው በኋላ ነው። ገለልተኛነታችን ሊበላ ነው ብሎ ለፈራ ሕዝብ፣ ልጆችህ ያለ ዓለም ሸንጎ ፈቃድ የትም አይሄዱም ተባለለት፤ በ2002 ውሉን አጸደቀ። በ2025 ግን የአየርላንድ መንግሥት ሦስተኛውን ቍልፍ የሚያወጣ ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ፈቃድ ማለት በተግባር የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ማለት ነው፤ በዚያም ሩስያ ወይም ቻይና ወይም አሜሪካ እጇን ብታነሣ የደብሊን ምክር ቤት ውሳኔ ከንቱ ይቀራል። ለዚህ የሚጠቅሱት የመቄዶንያን ነገር ነው። በ1999 ቻይና፣ መቄዶንያ ለታይዋን ዕውቅና በሰጠች ማግሥት፣ በዚያ የነበረው የሰላም ጦር ዘመኑ እንዳይራዘም በቬቶ ከለከለች። በ2003 የአውሮፓ ኅብረት የራሱን ጦር ወደዚያው ሲልክ አየርላንድ የድርጅቱ ፈቃድ የለም ብላ ቀረች። ነጻ አገር ነን እያልን የቤታችንን ቍልፍ ለቤጂንግና ለሞስኮ ሰጥተናል፤ ይህ ምን ዓይነት ነጻነት ነው? ይላሉ።

እኛ ይህን ክርክር ደጋግመን አንብበነዋል፤ ኀይል እንዳለው አንክድም። ሆኖም ቍልፉ ይቅር የሚለውን አንደግፍም። የአየርላንድ ወታደር በቲብኒን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የቆመው በጠመንጃው ብዛት አይደለም። ገበሬው ይህ ሰው የማንም ጎረቤት ኀያል ሎሌ እንዳልሆነ ስላወቀ ነው። ይህ እምነት በገንዘብ አይገዛም፤ የተገነባውም «ያለ ዓለም ሸንጎ አንሄድም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቬቶ ክፉ ነገር መሆኑን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ አያቶቻችን የኀያላንን ስምምነት በጄኔቫ አይተውታል። ዳሩ ግን ትንሽ አገር ከቬቶ ለማምለጥ ብሎ ሕጉን ሲተው ነጻ አይወጣም፤ ሕግ ከሌለበት ቦታ ትልቁ ጎረቤት ይጠብቀዋል። በመቄዶንያ አንድ ጊዜ መቅረቷ ለአየርላንድ ጉዳት ነበር፤ የማይጠገን ጉዳት ግን አልነበረም። ምክር ቤቱ በቬቶ ሲታሰር በሕጉ የተፈቀደው የጠቅላላው ጉባኤ ድምፅ ይሥራ ቢባል፣ እኛም እንስማማለን። ለነገሩ የ1956ቱ የመጀመሪያው የሰላም ጦር ራሱ የጸጥታው ምክር ቤት በቬቶ ሲታሰር በጠቅላላው ጉባኤ የተፈቀደ ነው። ይህን መንገድ ትቶ ቍልፉን ከነመዝጊያው መንቀል ምን ይባላል?

ከገለልተኛነት ደጋፊዎችም ጋር አንድ ጠብ አለን። እነርሱ ስለ ገለልተኛነት ሲናገሩ ይጣፍጣል፤ ለሠራዊቱ ግን ገንዘብ ሲጠየቅ ጆሮ የላቸውም። የአየርላንድ ሠራዊት በቅርብ ዓመታት ከ8,000 ሰው በታች ወርዷል፤ በ2024 ከጎላን ኮረብታ ጓዳቸውን ያስወጡት ባመዛኙ የሚልኩት ሰው ስላጠራቸው ነው። የሱፍ ልብስ አልብሶ ወደ ኮንጎ ከመላክ ይህ በምን ይለያል? ገለልተኛ ነኝ የሚል አገር ከማንም በላይ ለራሱ መቆም አለበት፤ አለዚያ ሰማዩንና ባሕሩን የሚጠብቅለት ጎረቤቱ ነው።

አሁን አንባቢያችን ዝም ብሎ ያሳለፈንን አንድ ነገር እናነሣለን። አየርላንድ በ2021ና በ2022 በጸጥታው ምክር ቤት ተቀምጣ በነበረ ጊዜ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ስለነበረው ጦርነት አጥብቃ ከተናገሩት አንዷ ነበረች። በኖቬምበር 2021 መንግሥታችን በአዲስ አበባ ከነበሩት ስድስት የአየርላንድ ዲፕሎማቶች አራቱ እንዲወጡ አደረገ። በግቢያችን ያን ጊዜ የነበረውን ቍጣ የሚያስታውስ አለ፤ ከረኃብ የተረፈ ሕዝብ ስለ እኛ ረኃብ መናገሩን የወደደም አለ። ሁለቱም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ። እኛ በዚህ ላይ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. ስለ እኛ በጄኔቫ ሲናገሩ ያመሰገንናቸውን ሰዎች፣ ንግግራቸው እኛን ሲነካ «ምን አገባችሁ» ካልን፣ የመጀመሪያው ምስጋናችን ምን ዋጋ አለው? ንግግራቸው ያልተመዘነ ነው ብሎ በማስረጃ መሞገት ይቻል ነበር፤ ይህም የተሻለ ነበር።

እኛ ትንሽ አገር አይደለንም፤ በሕዝብ ቁጥር ከአፍሪካ ሁለተኞች ነን። በሰላም ማስከበርም የአየርላንድ ታናሽ ወንድም አይደለንም። በኮሪያ ከ120 የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ጀግኖች ወድቀዋል፤ በ2011 በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ወዳለችው ወደ አብዬ እስከ 4,200 ወታደር የሚደርስ ጦር ሲፈቀድ ሸክሙን የያዝነው ብቻችንን ለማለት በሚቻል ሁኔታ ነበር፤ በ2010ዎቹም ውስጥ ለድርጅቱ ብዙ ወታደር በመላክ ከዓለም ቀዳሚ የሆንንበት ዓመት አለ። ከአብዬ የወጣነው በ2022 ነው፤ ከሱዳን ጋር ስለ ድንበርና ስለ ግድቡ በመቃቃራችን ሱዳን ጦራችሁ ይውጣልኝ ስላለች። ለጎረቤት ሰላም የሚቆም ወታደር ጎረቤቱ ሲጠረጥረው ሥራው እንደሚያልቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ድርጅቱ ለላኪው መንግሥት ስለ አንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር እንዲከፍል በ2018 ተወስኖ ነበር፤ ለአየርላንድ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ አገር ግን የበጀት ነገር ነው። ስለዚህ የመላኩን ምክንያት አጣርቶ የመጠየቅ ግዴታ የበለጠ የእኛ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጦር ስንልክ ማን ተከራከረ? አየርላንዳውያን 13ኛውን ወታደር ለመላክ በምክር ቤታቸው ይከራከራሉ። ከመካከላችን ወንድሙ ወይም አጎቱ አብዬ፣ ዳርፉር ወይም ሶማልያ የዘመተበት ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ መሄዱን የሚሰማው ግን ሻንጣው ሲታሰር ነው። የክርክር ማኅበራችን ስለ ሴቶች ቀሚስ ርዝመትና ስለ እግር ኳስ ሁለት ሁለት ማታ ፈጅቷል። የሚቀጥለውን ስብሰባ ለዚህ ጉዳይ እንዲያውልልን እንጠይቃለን፤ የርዕሱንም ቃል እንዲህ አዘጋጅተናል፤ «የኢትዮጵያ ወታደር ለሰላም ወደ ውጭ አገር ከመላኩ በፊት የሕዝብ እንደራሴዎች በአደባባይ ተከራክረው ይፍቀዱ።» ደጋፊ ሆነን የምንቆመው እኛ ነን። ተቃዋሚ የሚሆን ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።